እትዬ ውድነሽ ሳትጨርሰው የቀረችው መጽሐፍ

እትዬ ውድነሽ ማረፏን የነገረኝ ልጇ ዳዊት ነው። ሲያትል አቅራቢያ ኦበርን ከተማ በምሠራበት መጋዘን የምሳ ሰዓት ላይ ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር ስለነበር ላነሳው አልፈለግኩም፤ ሁለተኛ ሲደወል ግን አነሳሁት።

«እናቴ ስልክህን አጀንዳዋ ላይ ጽፋው አግኝቼ ነው» አለኝ። «ትናንት አረፈች። ከታመመች አምስት ወር አልፏት ነበር፤ አልሰማህም እንዴ?»

አልሰማሁም። ያልሰማሁት ግን የሚነግረኝ ጠፍቶ አልነበረም። በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስሟን ስልኬ ላይ እያየሁ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። አንዴ መልእክት ተወችልኝ፦ «ውድነሽ ነኝ። ሰላም መሆንህን ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር የለኝም።» እኔም ሌላ ነገር የለኝም ማለቷን እንደ እውነት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሌላ ነገር እንደነበራት አሁን አውቃለሁ።

ስለ እሷ ለመናገር ከሁሉም ሰው በኋላ የሚመጣው ተራ የእኔ ነው። ቢሆንም የማውቀውን ልናገር።

የተዋወቅነው ፌደራል ዌይ ከተማ ውስጥ ስድስት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስንሠራ ነው። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነበር፤ እሷ ስድሳን ተሻግራለች። አሰላ ዕድሜዋን ሙሉ እንግሊዝኛ ስታስተምር ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ዳዊት ልጆቹን እንድታሳድግለት አመጣት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ «ግድግዳ ስቆጥር አልውልም» ብላ ሥራ ያዘች።

በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ ከየት ነዎት?» ብዬ ጠየቅኳት። አንድ ግዙፍ ሽማግሌ አልጋ ላይ እያገላበጥን ነበር።

«ስማ ልጄ፣ አንተ በግራ እኔ በቀኝ ሰው ይዘናል። እርስዎ ብለህ እስክትጨርስ ሰውየው ይወድቅብናል። አንቺ በለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት።

ቀጭን ነበረች፤ ረጅም። ጸጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ትሰካለች፤ የመድኃኒት ሰሌዳው ላይ ፊደል የተሳሳተ ካየች መዝዛ ታርመዋለች። ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ትይዛለች። አማርኛ ስትናገር እንግሊዝኛ አትቀላቅልም። እኔ «መኪናዬን እዛ ጋ ፓርክ አድርጌ» ስል «አቁመህ» ትለኛለች። «ኮል አደርግሻለሁ» ስል «ትደውልልኛለህ» ትለኛለች። ተበሳጭታ አይደለም፤ የፈሰሰ ውሃ እንደምትጠርግ ሰው፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ። «ሁለቱንም ቋንቋ እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ አላጋጫቸውም» ትል ነበር።

መታጠብ እንቢ የሚል አንድ ሽማግሌ ነበረን። ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲበይድ የኖረ፣ ኃይለኛ ሰው ነው። እኛ ሌሎቹ እየለመንን፣ እያባበልን፣ አንዳንዴም እየተቆጣን እንሞክር ነበር። እትዬ ውድነሽ አንድ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጣ «ሚስትህ በምንድነው የምትቆጣህ የነበረው?» አለችው። አሰበ፣ አሰበና «ቦት ጫማዬን በር ላይ ስተው» አላት። ተነሥታ ጫማዎቹን አመጣች፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር መሃል ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ «አሁንም! አሁንም እዚህ ትተሃቸዋል!» ብላ ጮኸችበት። ሽማግሌው እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጫማዎቹን ሊያነሳ ብሎ ተነሣ፣ እዚያው ገብቶ ታጠበ። እሷም ለብዙ ወር በየጠዋቱ ተቆጣችው።

አንዲት የስኮትላንድ ደራሲ ሕይወታችን ውስጥ የገባችው እዚያው ቤት ነው። አንዲት አሮጊት ነዋሪ ሲሞቱ ልጆቻቸው መጥተው የሚፈልጉትን ወሰዱና «የቀረውን እናንተ ውሰዱ» አሉን። እኔ የቁም መብራት ወሰድኩ። እትዬ ውድነሽ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ወሰደች። አሥራ አንዱም የአንድ ደራሲ ልብ ወለዶች ነበሩ፤ በሁሉም ጀርባ ላይ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ የድንጋይ አጥር ተደግፋ ትታያለች።

«የኔዋ ሴትዮ» ትላት ጀመር። መጽሐፎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ስለሚኖር ቤተሰብ ነው የሚተርኩት። ማንም ማንንም አይገድልም። አገር አይፈርስም። ሴት ልጅ እናቷን ታኮርፋለች፣ ወንድማማቾች በአንድ ቁም ሳጥን ምክንያት ይቀያየማሉ፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ሰው ይታረቃል። እትዬ ውድነሽ ሥራ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ትጀምራለች።

«ትናንት ምን ሆነ መሰለህ? አይሊን ለአማቷ ሻይ ሳታቀርብ ቀረች!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቱ ተናጋ!»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የጎረቤት ሐሜት እንጂ ልብ ወለድ አይደለም።»

«ጎረቤት ሰው አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች በመጽሔት ወጥተውልኝ ነበር። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሲያትል ከመጣሁም በኋላ በወር አንድ ቅዳሜ ጥቂት ሐበሾች አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ክፍል ይዘን እንሰበሰብ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ እንከራከር ነበር። ቀን የአረጋውያን ሽንት ጨርቅ እየቀየርኩ፣ በልቤ ግን ከዚያ ቤት ሁሉ የላቀ ሰው ነበርኩ። ሥራ ቦታ «ደራሲው» ብለው ሲቀልዱብኝ እኔ ቀልድ መሆኑን አልሰማም ነበር።

ከልብ ወለዶቼ አንዱን አንብባ የመለሰችልኝ እትዬ ውድነሽ ብቻ ነች። ልጇ የጠፋባት እናት ሰባት ቀን መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቅ የሚያሳይ ታሪክ ነበር። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ አንድ መስመር ብቻ ነበረበት፦ «ሰባት ቀን ሙሉ ማን አበላት? ጎረቤት የላትም?»

«እትዬ፣ ምሳሌያዊ ነው እኮ» አልኳት።

«ገብቶኛል። ግን ምሳሌም ቢሆን ይርባታል።»

ሳቅኩ። የሳቅኩት ግን ከአፌ ነው። ያች ቀይ መስመር ውስጤ ገብታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ፣ በክረምት ይመስለኛል፣ አራት ደብተሮች በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ከአሥራ አንዱ መጽሐፍ የምትወደውን መርጣ ወደ አማርኛ እየመለሰችው ነበር።

«አሥራ ስድስት ምዕራፍ ሆኖልኛል፤ ሰባት ይቀረኛል» አለችኝ። እንደ ተማሪ አፍራ ነበር። «አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ። አትቸኩል። ግን በደንብ እይልኝ።»

ደብተሮቹን መኪናዬ ኋላ ላይ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ወር እዚያው ተቀመጡ። አንድም ቀን አልከፈትኳቸውም። ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ጊዜ ነበረኝ። ሻይ የሚጠጣበትንና ሰሃን የሚታጠብበትን መጽሐፍ ለማንበብ ራሴን ዝቅ ማድረግ ስላልፈለግኩ ነው። ትንሽም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ስለዚያች ቀይ መስመር ነው።

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘችኝ። እንደ ልማዱ ያካፋል።

«እሺ፣ እንዴት አገኘኸው?»

አላነበብኩትም ማለት ይቻል ነበር። ይቅርታ እትዬ፣ ገና ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦

«ቋንቋሽ ቆንጆ ነው።»

«ግን?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ፍሬ የለውም። ምንም የማይሆንበት መጽሐፍ ነው። ሐበሻ ማን ያነበዋል? ይሄን ሁሉ ድካም ለምን ትደክሚያለሽ?»

ከንፈሯን በሁለት ጣቶቿ ያዘች። «ሁሉንም አነበብከው?»

«ሁሉንም።»

«ስለ ቃላቱስ? የምትለኝ ነገር የለም?»

«ቃላቱ ጥሩ ናቸው» አልኳት።

ከንፈሯን ለቅቃ አየችኝ። «ኦኬ» አለች። እትዬ ውድነሽ ኦኬ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብተሮቹን ከመኪናው አውጥቼ ሰጠኋት። ከረጢቱ ላይ የጎማ ቆሻሻ ነበረበት፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመልሳ «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም። እንደ ድሮው እናወራ ነበር፤ ስለ «የኔዋ ሴትዮ» ግን አንድም ቃል አላነሳችም። ከሦስት ወር በኋላ እኔ ኦበርን የተሻለ ሥራ አግኝቼ ለቀቅኩ። ስትደውል ማንሳት የከበደኝ ለዚህ ነው። ድምፅዋን ስሰማ ያች መኪና ማቆሚያ ትመጣብኝ ነበር።

ለቅሶው ፌደራል ዌይ ዳዊት ቤት ነበር። ሰው ሞልቶ ወንበር ከጎረቤት ተለምኗል። ሶፋው ጥግ ላይ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የጠፉ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር፤ እማማ ደብሪቱ ይባላሉ። ስካይዌይ ከሚባል ሰፈር ልጃቸው ናት ይዛቸው የመጣችው። እትዬ ውድነሽ ከእኛ ቤት ሥራ ሌላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እሳቸው ዘንድ እየሄደች ታግዛቸው እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። ሁለት ዓመት አብሬያት ስሠራ ቀሪዎቹን ቀናት የት እንደምትውል ጠይቄያት አላውቅም።

ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ ሲያወራ ቆይቶ ትንሽ ጸጥ ሲል፣ እማማ ደብሪቱ ድምፃቸውን አነሱ።

«ዳዊት ልጄ፣ በለቅሶ ቤት ነውር ከሆነ ይቅር በለኝ። ያቺ መጽሐፍ አሥራ ስድስት ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ጓዙን ይዞ ልጁ ቤት ገባ፤ ምራቲቱ ፊቷን አጠቆረች። ከዚያ ምን ሆነ? የሚያውቅ አለ?»

ብዙው ሰው አልገባውም። ሁለት ሴቶች ተያዩ፤ የእማማ ደብሪቱ ልጅ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ስትላቸው «ተዪኝ» አሏት። እኔ ግን ገባኝ። እትዬ ውድነሽ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ተርጉማ ለእሳቸው ስታነብላቸው ኖራለች። ሐበሻ ማን ያነበዋል ስላት፣ አንዲት ሐበሻ ስካይዌይ ቁጭ ብለው የሚቀጥለውን ሳምንት እየጠበቁ ነበር።

ዳዊት ትከሻዬን ያዘ። «እማማ፣ ይሄ ከእናቴ ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ጸሐፊ ነው። ደብተሮቿ እኔ ጋ አሉ፤ እሱ ሊጨርስልዎት ይችላል።»

«ጸሐፊ ነህ?» አሉኝ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው። «እንግዲያውስ ታውቀው ይሆናል። አንድ የተማረ ልጅ ነው ፍሬ የለውም ብሎ ተስፋ ያስቆረጣት። ከዚያ በኋላ አንብቢልኝ ስላት ደከመኝ እማማ እያለች ሌላ ሌላ ወሬ ታወራልኝ ነበር። ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ልጇ ትከሻዬን እንደያዘ ነው ይህን ያልኩት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ በለቅሶዋ ቤት የዋሸሁት ግን ከሁሉም የተለየ ነው።

ዳዊት አራቱን ደብተሮችና መጽሐፉን ሰጠኝ። በነጋታው ከሥራ መልስ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ገለጥኩ። ጽሑፏ ሰማያዊ ነው፤ ጥርት ያለ የአስተማሪ ጽሑፍ። በየጥቂት ገጹ ግን ኅዳጉ ላይ ቀይ ነበረበት። ስህተት ያረመች መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

«ይህን ቅሬታ ልበለው ወይስ ትዝብት? አንተ ትሻላለህ።»

«እዚህ ላይ ሳቅኩ። አንተም ከሳቅህ ምልክት አድርግልኝ።»

«ይህች ዓረፍተ ነገር አልታዘዝ አለችኝ። እርዳኝ።»

«የሱን ዝምታ በአማርኛ እንዴት ዝም ላሰኘው?»

ከሠላሳ በላይ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ለእኔ መልስ አንድ ባዶ መስመር ትታለች። ሁሉም ባዶ ናቸው። ስለ ቃላቱ የምትለኝ ነገር የለም ወይ ስትለኝ ይህን ነበር የጠየቀችኝ። እንዳላነበብኩት ለማወቅ ደብተሮቹን ቤቷ ገብታ መክፈት አላስፈለጋትም፤ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ፣ «ቃላቱ ጥሩ ናቸው» ስላት አውቃለች። አውቃ ነው ቀስ ብለህ ንዳ ያለችኝ።

መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት። በምሳ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ሳነብ ሁለት ጊዜ ፊቴን መሸፈን ነበረብኝ። ምንም የማይሆንበት ነው ያልኩት መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ነገር ሆነ። የእሷም አማርኛ እንደዚያው ነው፤ ስኮትላንዳዊቷ ሴትዮ አሰላ ተወልዳ ያደገች ትመስል ነበር።

አሥራ ሰባተኛውን ምዕራፍ አምስተኛ ደብተር ገዝቼ እኔ ተረጎምኩት። ቅዳሜ ስካይዌይ ሄድኩ። እማማ ደብሪቱ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሁለት ገጽ ሳላነብ አስቆሙኝ።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ዜና አይደለም። ደግሞ ምን አልክ? በቅሬታ ስሜት ተዋጠች? ውድነሽ ብትሆን አኮረፈች ትል ነበር።»

አኮረፈች ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ እያልን በየቅዳሜው ገፋንበት። እሳቸው በሄድኩ ቁጥር ይመርቁኛል፤ «የሙት ቃል የምትፈጽም፣ ልጅ ይውጣልህ» ይሉኛል። ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ልጃቸው እስከ መኪናዬ ድረስ እየሸኘችኝ «ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያንተን ነው የሚያወሩት» ትለኛለች። በየሳምንቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሳልነግራቸው እመለሳለሁ።

ምዕራፍ ሃያ አንድ ላይ ሽማግሌው አማት፣ ምራቱ ከእናቷ የወረሰችውን ሰሃን ሲያጥብ ይሰብራል። ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይደብቃል፤ ለቀናት እንደያዘው ይዞራል። እማማ ደብሪቱ በሳቅ ፈነዱ።

«ኪሱ ውስጥ! እጁን ቢቆርጠውስ? አይ ሽማግሌ! ምናለ ሰበርኩት ቢላት!»

ማንበቤን አቆምኩ።

«ምነው?» አሉ።

«እማማ፣ ውድነሽን ፍሬ የለውም ያልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ደብተሮቹንም አላነበብኳቸውም ነበር። አንብቤያለሁ ብዬ ዋሸኋት። በለቅሶው ቀንም እርስዎን ዋሸሁ።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። እጃቸው የነጠላቸውን ጠርዝ ፈልጎ ያዘ።  ውጣ ይሉኛል ብዬ ደብተሩን መዝጋት ጀመርኩ።

«ስሙን ጠይቄያት ነበር» አሉ። «አልዋሽህም፣ ልረግመው ነው የጠየቅኳት። ያን ቀን መጥታ እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ቁጭ ብላ፣ እማማ መጽሐፉን ትቼዋለሁ ስትለኝ በጣም ነው የተናደድኩት። ማነው ይሄ ልጅ? ስሙን ንገሪኝ አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«ስሙ ምን ያደርግልዎታል አለችኝ። አይፍረዱበት እማማ፣ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ ደክሞት ነው አለችኝ።»

ሁለት ሥራ አልነበረኝም። ያን ጊዜ የምሠራው እዚያው ቤት ብቻ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድን አርፍ ነበር። ፈረቃዬን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እማማ ደብሪቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣው ገና አልወጣም ነበር።

«በል እንግዲህ አንብብ» አሉ። «ሴትዮዋ ሰሃኗን ስታጣው ምን አለች?»

ደብተሩን መልሼ ገለጥኩት። መስመሩን አገኘሁት። እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ አጣጥፈው ጠበቁኝ።